ሱቅህን ስለሰበረው ሌባ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ዛሬ የጻፍኩልህ ሱቅህ መሰረቁን ከእህትህ ሰምቼ ነው። እጅግ አዘንኩ። እግዚአብሔር ይተካልህ።

«ፖሊስ ጋ ከመንከራተት ይቅርብኝ፤ አንድ ሁለቱን አደባባይ ቢሰቅሉልን ነበር የሚሻለው» ብለሃል አሉ። ንዴትህ ይገባኛል። ግን በዚህ አልስማማም፤ ዝም ማለትም አልቻልኩም።

ሰው ቅጣት እንደሚፈራ አልክድም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1969 የካናዳዋ ሞንትሪያል ፖሊሶች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን ባንኮች ተዘረፉ። ሲመሽ የመሀል ከተማ ሱቆች መስታወታቸው እየተሰበረ ዕቃቸው ተጋዘ፤ ሰውም ሞተ። በመጨረሻ ጦር ሠራዊት ገባ። የዘረፋ ቅጣት ግን በዚያ ቀን አልቀለለም። ሕጉ እንዳለ ነው፤ የጠፋው የሚይዝ ነው።

መስቀሉንማ እንግሊዞች ሞክረውታል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከ200 በላይ ወንጀሎች በሞት ያስቀጡ ነበር። ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ ሁሉ ይሰቀላል። ታዲያ ሊፈርዱ የተቀመጡት ሰዎች መጨከን አቃታቸው። ብዙ ጊዜ የዕቃውን ዋጋ 39 ሽልንግ ብለው እየገመቱ ተከሳሹን ከገመድ ያተርፉት ነበር። ቅጣቱ ከመጠን ሲያልፍ ፈራጁ ራሱ ይሸሸዋል። በስቅላቱ ቀን ደግሞ ሊያይ በተሰበሰበው ሕዝብ መሀል ኪስ አውላቂዎች ሥራቸውን ይሠሩ ነበር!

የኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአደባባይ መስቀልን ይከለክላል። ከባድ ስርቆትን ግን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። 15 ዓመት አነሰ? ሱቅህን የሰበረው ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቀውም አያስበውም። የሚያስበው «ማን ያየኛል? ቢያየኝስ ማን ይናገራል?» እያለ ነው። አባቶቻችን ለዚህ አውጫጭኝ ነበራቸው። ያገሩ ሰው ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም። ንጹሑንም ያንገላታል፤ ይመለስ አልልም። ግን አይቶ ዝም የሚል ጎረቤት እንዳይኖር ነበር የታሰበው።

እባክህ ሄደህ አመልክት። የተወሰደውን በዝርዝር ጻፍ፤ ደረሰኝ ካለህም ያዝ። ዘበኛው አይቶ ከሆነ ቃሉን ይስጥ፤ ከፈራ አብረኸው ሂድ። ቀጠሮ እንደሚያሰለች አውቃለሁ። አንተ ከቀረህ ግን ያ ሰው ነገ የጎረቤትህን በር ነው የሚሰብረው። ቅዳሜ እደውልልሃለሁ። ፍርድ ቤት የምትቀርብበት ቀን ከተቆረጠ ንገረኝ፤ አብሬህ እመጣለሁ።

ወንድምህ