አባዬ፣ ስለ ቦምቡ ከማውራታችን በፊት

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም ልጆቹም ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን። እንዲህ ብዬ ስጀምር እንደምትስቅ አውቃለሁ። ደብዳቤ መጻፍ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰላምታው ካልተሟላ ወረቀቱን ትመልስልኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ አርባ ደቂቃ አወራን። ሠላሳ አምስቱ ስለ ኑክሌር ነበር። ስዊድን የራሷን ቦምብ ትሥራ አልክ። የፈረንሳይን ደጅ አትጥና አልክ። ስለ ኩላሊትህ ግን አንድ ቃል አልተነፈስክም። የሰማሁት ከእህቴ ነው፣ እሷም አምልጧት ነው። አትቆጣት።

እሱን በኋላ። መጀመሪያ መልሴን ልስጥህ፣ ስልክ ላይ አላስጨረስከኝም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ። የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በኖቬምበር 2024 እዚህ የስዊድን መንግሥት በየቤቱ የላከውን ባለ 32 ገጽ መጽሔት ፎቶ አንስቼ ላክሁልህ። ችግር ወይም ጦርነት ቢመጣ ምን እንደምናደርግ የሚናገረውን። ለሳምንት የሚሆን ምግብና ውኃ ያዙ ይላል። ልጄ ቁጭ ብላ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ከዚያ ምድር ቤት ወርዳ መጠለያችንን አየች። በሩ ላይ ብርቱካናማ መደብ፣ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ያለበት ምልክት አለ። ውስጡ ብስክሌት ነው የሞላው። መጠለያው በ48 ሰዓት ውስጥ ተዘጋጅቶ ለሰው ክፍት መሆን አለበት ስላት ምን አለችኝ መሰለህ? «48 ሰዓት ማን ይሰጠናል?» ያንተ ልጅ ልጅ ናት።

ክርክርህ ቀላል አይደለም፣ አልዋሽህም። በአያቴ ጀርባ ላይ የነበረውን ጠባሳ ልጅ ሆኜ በእጄ ነክቼዋለሁ። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ላለመዋጋት በ1925 ጄኔቭ ላይ ፈርማ ነበር። ፊርማ ጋዝ አያቆምም የምትለው ከዚያ የመጣ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የተደበደበው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል እንደነበረም ደጋግመህ ነግረኸኛል። እዚህ አገር ለምሠራላቸው ሰዎች ስነግራቸው ብዙዎቹ አያውቁትም። ቮን ሮዘንንም ከነሱ ይልቅ አንተ ነህ የምታውቀው። ደብረ ዘይት ላይ አየር ኃይላችንን ያቋቋመ፣ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የሞተ ስዊድናዊ ነው ስላቸው ዓይናቸው ይፈጣል።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ፊቷን ስታዞርብን፣ የተከፈለበት ዕቃ ሳይመጣ ሲቀር፣ አንተ ኤፍ ፋይቭ ተዋጊ አውሮፕላን ስር ተኝተህ ነበር። ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው መግጠም። «መለዋወጫ ካልላኩልህ አውሮፕላን ብረት ነው» ትላለህ። ይኸው ዛሬ አውሮፓ ያንኑ ይላል። ስዊድን ራሷ የምትኮራበት ተዋጊ አውሮፕላን፣ ግሪፐን፣ ሞተሩ ከአሜሪካ ነው፣ ይህን ስነግርህ እንዴት እንደሳቅህ! በማርች 2025 ማክሮን የፈረንሳይ ቦምብ ለሌሎቹም ጥላ ስለሚሆንበት መንገድ እንነጋገር አለ። ከሁለት ቀን በኋላ የፖላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቱስክ ፓርላማ ቆሞ አገሩ የኑክሌርንም ነገር ማሰብ እንዳለባት ተናገረ። አንተ ደግሞ በስልክ፣ «የሰው ዣንጥላ የሚታጠፈው ዝናቡ ሲመጣ ነው።» ይህችን ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜላቸዋለሁ።

ዩክሬንንም አነሳህ። በ1994 ቡዳፔስት ላይ ድንበርሽን እናከብራለን የሚል ወረቀት ተቀብላ ከሶቪየት የተረፋትን ቦምብ አስረከበች፣ ከፈራሚዎቹ አንዷ ሩሲያ ነበረች። እውነት ነው። ግን የዚያ ቦምብ ቁልፍ ሞስኮ እንደነበረ ለምን ትዘላለህ? አንተ መካኒክ ነህ። ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ያለ መኪና የማን ነው?

አሁን የኔን ስማ። የማጸዳላቸው አንዲት አሮጊት አሉ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሳሎናቸው ውስጥ የወጣትነት ፎቶ ተሰቅሏል፣ ሰልፍ ላይ። ስዊድን ቦምብ ልትሠራ ነበር፣ ታውቃለህ? ከሂሮሺማ ማግስት ጀምረው ነው ያጠኑት። በ1954 የጦሩ ዋና አዛዥ ያስፈልገናል ብሎ በይፋ ወጣ። እኛ ከምንኖርበት ከፋርስታ አጠገብ፣ ኦጌስታ የሚባል ቦታ ዓለት ፈልፍለው የኑክሌር ሬአክተር ሠሩ። የፋርስታን ቤቶች በሙቅ ውኃ ያሞቅ ነበር። ካስፈለገ ደግሞ ለቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ሊገኝበት። አሮጊቷ ሲናገሩ፣ «ክረምቱን ያሞቀኝ እሱ ነው፣ በጋውን ስቃወም የዋልኩትም እሱን ነው።»

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። መሪው ፓርቲ ለሁለት ተከፈለ። በጣም የተቃወሙት የራሱ የፓርቲው ሴቶች ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤርላንደር አዎም እምቢም ሳይል ቆየ። ደስ የሚልህን ልንገርህ፦ የመከላከያው ኪስ አንድ ነበርና ቦምቡ የቪገንን ተዋጊ አውሮፕላን ገንዘብ ሊበላ ሆነ። ወታደሮቹም ቀዘቀዙ። አንተ ብትሆን የትኛውን ትመርጥ ነበር? አውቀዋለሁ መልስህን። በ1968 የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚያግደውን ውል ፈረሙ። አልቫ ሚርዳል ለትጥቅ መፍታት ስትሮጥ ኖራ በ1982 ኖቤል አገኘች። የቀረችውን 3 ኪሎ ምናምን ፕሉቶኒየም በ2012 አሜሪካ ወሰደችው።

«ይኸው፣ ሞኞች!» ትል ይሆናል። በማርች 2024 ኔቶ የገቡት ባዶ እጃቸውን ስለሆኑ ነው ትል ይሆናል። ግን ዛሬ ተነስተው እንሥራ ቢሉ በማግስቱ አይደርስም። ዓመታት ይፈጃል። በነዚያ ዓመታት ቦምቡ የለም፣ ቦምቡን ለመሥራት ማሰባቸው ግን ይታወቃል። ጎረቤቷ ማን እንደሆነ ካርታው ላይ እይ። ልጆቼ የሚያድጉት በነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። ስዊድን ውሉን ከቀደደች ደግሞ ሌላው አገር ምን ብሎ ያከብረዋል? ይህ ነው ነገሬ። ከዚህ በላይ የጋዜጣ ሰው አይደለሁም።

ደግሞ እኔ ከቦምቡ ይልቅ የማውቀው ቀበቶውን ነው።

ይህን ልጽፍ አልነበረም አነሳሴ። ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ፣ ሚስማሩ ላይ። «አንድ ቀን ነክቻችሁ አውቃለሁ?» ትላለህ። አታውቅም። እውነት ነው፣ በፍርድ ቤትም ብጠየቅ እመሰክርልሃለሁ። ሠርቷል ነው የምትለው። ድምፃችን አይሰማም፣ ትምህርታችንን እናጠናለን፣ ጎረቤት ይቀናል። ከዚያ ወንድሜ ማሙሽ ራዲዮኑን ጣለው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አንተ ልትመታው አላሰብክ ይሆናል። እሱ በምን ይወቅ? የተሰቀለ ቀበቶ የባለቤቱን ሐሳብ አይናገርም። በመስኮት ወጣ።

በ1983 አንድ የሶቪየት መኮንን ኮምፒዩተሩ የአሜሪካ ሚሳኤል እየመጣ ነው ሲለው፣ ስህተት ነው ብሎ ለበላዮቹ ነገራቸው። ልክ ነበር። ሁልጊዜ የምታነሳልኝ ሥርዓቱ እንደሚሠራ ለማሳየት ነው። እኔ ግን ሰውየውን ሳስብ ማሙሽ ይመጣብኛል። በዚያ ሌሊት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው የፈራ ቢሆንስ?

አሥራ አንድ ቀን ነው አባዬ። ናዝሬት አክስቴ ቤት መሆኑ እስኪታወቅ እናታችን ምን እንደሆነች አንተም አይተሃል። ያመጣችው እሷ ናት፣ በአውቶቡስ ሄዳ። አንተ «በእግሩ እንደሄደ በእግሩ ይመለሳል» አልክ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ፣ ከቀበቶው ሥር። ቀበቶውን አይደለም የተቀየምኩህ። እሷ ስትሄድ ጫማህን አለማድረግህን ነው።

ማሙሽ አሁን ለምን እንደማይደውልልህ እኔን አትጠይቀኝ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ጥርሱን የሚያስተካክል ሽቦ አስገብቷል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይይዛል። ትንሿ መዋኘት ለምዳለች። ፊደል እስከ «ሸ» ደርሳለች፣ «ቀ» ላይ እንቢ አለችኝ። አያቴ አብራሪ ነበር ብላ ክፍል ውስጥ ተናግራለች። መካኒክ ነው ብላት አልሰማ አለች፣ ተውኳት።

አሁን ኩላሊትህ። እህቴ ክሪያቲኒኑ ከፍ ብሏል፣ ሐኪሙ ስለ እጥበት አንስቷል አለችኝ። አንተ ለሐኪሙ «እናስብበት» ብለህ ወጣህ። ምኑን? የስኳር መድኃኒቱን በቀን አንዴ እየዋጥክ ነው ወይስ ሁለቴ? ለጉልበትህ ከሱቅ የምትገዛውን ክኒን ዛሬውኑ ተው፣ ኩላሊትን የሚጎዳ አለበት። ሮቶው ላይ አትውጣ። ውኃ ሲጠፋ የጎረቤቱን ልጅ ጥራ፣ ሃምሳ ብር ስጠው። ወጪውን አስበህ ከሆነ ከማሙሽ ጋር ተነጋግረናል። አዎ፣ ከማሙሽ ጋር። ግማሹን እኔ እከፍላለሁ ብሏል፣ አንተ ሳትሰማ። እኔ አላስችለኝ አለ።

እኔ እዚህ የሰው አባት እያጠብኩ ነው የምውለው። ጠዋት አንዱን ሽማግሌ ካልሲ ሳደርግ እጄ ይቆማል። ሌላ ምን ልበልህ።

ለጥምቀት ቲኬት ቆርጫለሁ። እምቢ እንዳትል ብዬ ነው ሳልነግርህ የቆረጥኩት። እስከዚያ ስለ ቦምቡ በየእሑዱ ተከራከረኝ፣ ደስ ይለኛል፣ ድምፅህ ሲሞቅ ይሰማኛል። ግን ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የጤናህ ነው።

የምርመራ ወረቀቱን እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። የፊቱንም የጀርባውንም።

ልጅህ