የምርጫ ሕጉ አርጅቶ እንየው፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ በአንድ ምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚ ነበርኩ።

አብረውኝ ከሠሩት አንዱ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር ነበሩ። በ2002ም በ2007ም ምርጫ አስፈጽመዋል። ሥራውን እጃቸው ያውቀዋል። ችግሩም እሱ ነበር። እጃቸው ቅጹ ላይ ከሄደ በኋላ ድንገት ይቆማሉ። «ቆይ ቆይ፣ ይሄ የድሮው ነው» ይሉና መመሪያውን ይገልጣሉ። መነጽራቸውን ያስተካክላሉ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ ያስኬዳሉ። ውጭ ሰልፉ ጃንጥላ ይዞ ይጠብቃል። ጋሼ ግን ሳያረጋግጡ አይፈርሙም። እንደሳቸው የሚጠነቀቅ ሰው ብዙ አላየሁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ጠቅላላ ምርጫ በአምስት ዓመት አንዴ ነው። አስፈጻሚው፣ ታዛቢው፣ የፓርቲ ወኪሉ፣ መራጩም ሕጉን በተግባር የሚያገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በየምርጫው ዋዜማ ከተቀየረ አንድን ሕግ ሁለት ጊዜ የሚሠራበት ሰው አይኖርም። ሁሌም ጀማሪ ነን ማለት ነው።

የ2011ዱ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ተበታትነው የነበሩትን የምርጫውን፣ የፓርቲዎችንና የሥነ ምግባሩን ሕጎች አንድ ላይ ማምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። የቀድሞው ሕግም መሻሻል ነበረበት፤ ሕግ ስለቆየ ብቻ ጥሩ አይሆንም። ግን የወጣው ነሐሴ 2011 ነው። ምርጫው ደግሞ መጀመሪያ የተቆረጠለት ለነሐሴ 2012 ነበር። በዚያች አንድ ዓመት አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት የሚያስፈልገው ፊርማ ከ1,500 ወደ 10,000፣ የክልል ፓርቲ ደግሞ ከ750 ወደ 4,000 አደገ። ቁጥሩ በዛ ወይም አነሰ ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ለውድድር እየተዘጋጁ ፊርማ ፍለጋ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በኮቪድ ምክንያት የምርጫው ቀን ሲገፋ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ተቆጠረ።

ሌሎች ለዚህ ገደብ አበጅተዋል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ኢኮዋስ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፕሮቶኮል፣ ምርጫ ስድስት ወር ሲቀረው አብዛኛው የፖለቲካ ተዋናይ ካልተስማማ የምርጫ ሕግ በመሠረቱ እንዳይቀየር ደንግጓል። በአውሮፓ ደግሞ የሕግ አማካሪ አካል የሆነው የቬኒስ ኮሚሽን በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ዓመት ይሁን ብሏል።

የኛም አዋጅ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይኑረው። ምርጫ አንድ ዓመት ሲቀረው ስለ ምዝገባ፣ ስለ ዕጩነትና ስለ ድምፅ አሰጣጥ የተደነገገው አይነካ። የግድ ከሆነ ተፎካካሪ ፓርቲዎች በብዛት ይስማሙበት። የምርጫ ቦርዱ መመሪያዎችም በዚሁ ይገዙ፤ ጋሼ ጣታቸውን ያስኬዱበት መመሪያ ነውና። የሚሻሻል ነገር ካለ በሥራ ዘመናችሁ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አምጡት። ያኔ ቀጥሎ ማን እንደሚያሸንፍ ማንም አያውቅም፣ ክርክሩም ስለ ሕጉ ብቻ ይሆናል።

አክባሪያችሁ፣
ከጅማ