ያላወቀ አገር ይስጥ

ክቡር አዘጋጅ፦

የፋሲካ ዕለት ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጧል። አራት አርቲስቶች ለሁለት ተከፍለው ይወዳደራሉ። ይወዳደራሉ አልኩ እንጂ ውድድርስ አልነበረም። አንዱ ሲጠየቅ ሦስቱ ይስቃሉ። ምን እንዳሳቃቸው እነሱ ናቸው የሚያውቁት። አንዷ ስትሳሳት ደግሞ አቅራቢው «ግድ የለም፣ በዓል ነው» ብሎ ነጥቡን ሰጣት። እኔ እዚያ ላይ በቃኝ።

ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ። (ለጎንደር ሰው ይሄ ዜና አይደለም።) ልጆቹ መነጫነጭ ሲጀምሩ እናቴ ከረከቦቱ አጠገብ ሆና «እንቆቅልሽ!» አለች።

«ምን አውቅልሽ!»

«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

የ9 ዓመቱ ልጄ «መኪና» አለ። «አላወቅህም፣ አገር ስጠኝ!» ደብረ ታቦርን ሰጣት፤ አልፈልግም አለች። ባሕር ዳርንም አልፈልግም። «ጎንደርን ስጠኝ!» ልጁ ደነገጠ። ጎንደርንማ አይሰጥም። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ፣ አሰበና «ውሃ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ።

ልዩነቱ ይሄው ነው። ልጄ የሚያጣው ነገር ነበረው። አርቲስቶቹ ምንም አያጡም።

ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ላይ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚተላለፍ «ጀስት ኤ ሚኒት» የሚባል ጨዋታ አለ። አንድ ዝነኛ ሰው ርዕስ ይሰጠውና 60 ሰከንድ ያወራል። መንተባተብ፣ ቃል መድገም፣ ከርዕስ መውጣት ክልክል ነው። ስህተቱን የያዘበት ተወዳዳሪ ነጥብ ያገኛል፣ ርዕሱንም ይቀማዋል። ሽልማቱ ነጥብ ብቻ ነው። ግን ማንም አይምረውም።

እስቲ በአማርኛ አስቡት። የእኛ ታዋቂ ሰው «ማለት ነው»ን ሳይደግም ስንት ሰከንድ ይሄዳል? «በጣም ደስ ይላል» ሁለተኛ ሲል ደወል ቢደወልበትስ? እዚህ አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብለው ግጥም ሲወረውሩለት አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቆም ነው የሚመልሰው። ቢሳሳት ቤቱ ሙሉ ይስቅበታል። እሱን ከአርቲስቶቹ ጎን አስቀምጡልን። ወጪው ማይክ፣ ሰዓትና ደወል ነው፤ ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ እንኳ ከባድ አይመስለኝም።

ለእንቁጣጣሽ ሞክሩት። አቅራቢው ነጥብ በይሉኝታ አይስጥ፤ ያላወቀ አገር ይስጥ። ጎንደርን ብቻ እንዳትነኩብን፣ ልጄ አደራ ብሏል።

አንድ ተመልካች
ከጎንደር፣ ፒያሳ