ክሮም በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን ማሳደስ ስለሚመርጥ፣ እዚህ አዳማ በጋራዥና በላቫጆ ሲሠራ ስለማየው አንድ ስሕተት ጥቂት ቦታ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአባቴ የወረስኳት ቮልስዋገን በአውሮፓ አቆጣጠር የ1965 ሥሪት ናት። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ስለተፈለገች፣ የብረት ጌጦቿን እንዲያወለውልልኝ ለአንድ ጋራዥ ሰጠኋት። ሠራተኛው ወጣት ትጋት አልጎደለውም፤ የፊት ፓራውልቱን በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ በጎኗ የተዘረጉትን ቀጫጭን ጌጦች በአሲድ አጥቦ፣ በመጨረሻም ሁለቱንም በሞተር በሚሽከረከር ጨርቅ አወልውሎ አስረከበኝ። በሠርጉ ዕለት ከሙሽራዋ ቀድሞ የሚታየው የእርሷ ፓራውልት ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ፓራውልቱ ከዳር እስከ ዳር ዝገት አወጣ፤ የጎኑም ጌጥ እንደ አሮጌ ድስት ክዳን ደበዘዘ።

ነገሩን ሳጠናው ጥፋቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ከመቁጠር የመጣ መሆኑን ተረዳሁ። ፓራውልቱ ብረት ሆኖ በላዩ ኒኬል፣ በኒኬሉም ላይ ክሮም የተለበጠ ነው። ክሮሙ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም፤ ሻካራ ወረቀት የያዘ እጅ ዝገቱን እያነሣሁ ነው ብሎ ሲያስብ ክሮሙን ጨርሶ ኒኬሉን ይጀምራል። ሰማያዊ የሚመስለው ነጸብራቅ ወደ ቢጫ ካደላ ክሮሙ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያድነው ዳግም መለበጥ ብቻ ነው፤ ለዚህ የሚያገለግለው የተለመደው የክሮም ኬሚካል ደግሞ ካንሰር የሚያመጣ በመሆኑ በየጓሮው የሚሞከር ሥራ አይደለም። የጎኑ ጌጥ ግን አሉሚኒየም ነው። እናቶቻችን የናስ ዕቃ የሚፈትጉበት አመድ እንኳ ከውኃ ጋር ሲገናኝ የአሉሚኒየሙን መከላከያ ቆዳ ይበላዋል፤ ኮስቲክ ሶዳና ጠንካራ አሲድማ ምን ይነገራል!

ለመለየት ትንሽ ማግኔት ይበቃል። አሉሚኒየም በማግኔት አይያዝም፣ ክሮም የተለበጠ ብረት ይያዛል። ስቴንለስ የሚባለው የማይዝግ ብረት አንዳንዱ ስለሚያዝ አንዳንዱም ስለማይያዝ ጥቂት ማስተዋል ይጠይቃል፤ ይሁን እንጂ እስከ ውስጡ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ብርጭቆ ወረቀትን ከሻካራ ወደ ለስላሳ እየቀያየሩ ቢፈትጉት የሚታገሥ እርሱ ብቻ ነው። በክሮም ላይ ለሚታይ ቀላል ዝገት የምግብ መጠቅለያ ፎይልን ጨምድዶ በውኃ አርሶ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል፤ ፎይሉ ከክሮም እጅግ የለሰለሰ ስለሆነ ዝገቱን ሲያነሣ ክሮሙን አይጭረውም። ከዚያ በንጹሕ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሰም መቀባት ነው። በሲልቨር ቀለም ረጭቶ «አዲስ ሆነ» ማለትን ግን እንደ እድሳት አልቆጥረውም፤ ዝገቱ ከሥር ሥራውን አያቆምም።

ላቫጆዎችንም አንድ ነገር ልለምን። የአካባቢያችን አቧራ የእሳተ ገሞራ አመድና ደቃቅ ድንጋይ የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ መኪናን ውኃ ሳያፈሱ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈተግ ብዙም አይለይም። የመጸዳጃ ቤት አሲድና በረኪናም በብረት ጌጥ አጠገብ ሥራ የላቸውም።

የጋራዡን ስም ያልጠቀስሁት ወጣቱ የሠራው እንደታየው እንጂ በክፋት ስላልሆነ ነው። የሙያ ማሠልጠኛዎች ስለ ቦዲ ሥራ ሲያስተምሩ ለዚህ ጉዳይ ግማሽ ቀን ቢሰጡት ምንኛ በወደድሁ። የኋላው ፓራውልት በዚያን ጊዜ ሰዓት ስላልበቃ ሳይነካ ቀርቶ ነበርና፣ በቀደም ቅዳሜ በፎይልና በውኃ ራሴ አሸሁት፤ ጥቂት ነቁጥ ቢቀርበትም ከፊተኛው ይልቅ ዛሬም ፊት ያሳያል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዳማ