ድንቡሼዬ፣ ከመሳደብሽ በፊት ስለ ኮኩ ልንገርሽ

ድንቡሼዬ እንዴት ነሽልኝ፣

እሺ አውቃለሁ። አንድ ዓመት ከአራት ወር። ቆጥሬዋለሁ፣ አንቺም እንደቆጠርሽው አውቃለሁ፣ ስለዚህ እሱን እንለፈውና... አይ አይታለፍም መሰለኝ። በቃ ጥፋተኛ ነኝ ይቅር በይኝ። እታለም ያረፉ ጊዜ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳልደውል ቀረሁ፣ ከዛ አርባው አለፈ፣ ከዛ አሁን ምን ብዬ ነው የምደውለው እያልኩ ሙት ዓመቱም ደረሰ፣ ሙት ዓመት ላይ የሚደውል ሰው ደግሞ ምን ይላል? ዛሬም ቢሆን እውነቱን ልንገርሽ ቸግሮኝ ነው የጻፍኩልሽ። ሳቂ። ኮብለር የሚባል በኮክ የሚጋገር ነገር መሃሉ አልበስል ብሎኝ ነው።

ጎረቤቴን ታስታውሺያቸው የለ፣ በቪዲዮ ያሳየሁሽ፣ እኛ ቤት ውስጥ እትዬ ኮክ የምንላቸው (እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ እኔ ሆዴ ውስጥ ሁሌም አንቱ ናቸው)። ባለፈው ወር ወጥ ቤታቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ሆነው ቤት ገብተዋል፣ በዎከር ነው የሚሄዱት፣ ቆሞ መጋገር ግን የለም። እና የቤተሰባቸው ሪዩኒየን፣ የዘመድ መሰባሰቢያው፣ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ነው። 60 ሰው! ከዲትሮይት ከቺካጎ እየነዳ የሚመጣ አለ፣ ያኔ አያቶቻቸው ጥጥና ኮክ ለቀማውን ትተው ወደ ሰሜን የሄዱ ማለት ነው። ኮብለሩን ድሮም የሚሰሩት እሳቸው ናቸው። እሁድ ሾርባ ይዤላቸው ብሄድ እጄን ያዝ አድርገው ዘንድሮ አንቺ ነሽ የምትሰሪው አሉኝ።

እኔ! የልጄን የልደት ኬክ ከሱቅ የምገዛው ሴትዮ! እምቢ እንዳልል ደግሞ ቲሸርት አሰርተውልኛል፣ ሐምራዊ፣ ጀርባው ላይ የቤተሰቡ ስም ያለበት፣ እንደነሱ አንዷ አድርገውኝ። ኤክስ ኤል ነው ባክሽ፣ ቀጮ ስትይኝ የነበርሽው አሁን ብታይኝ ስሙን ትመልሺልኝ ነበር።

ኮብለር ምን መሰለሽ፣ ኬክ አይደለም፣ ፓይም አይደለም። አንቺ ኬክ ቤት መስታወት ውስጥ ብታስቀምጪው ደንበኛው «ይሄ ወድቆ ነው?» ይልሻል። ዋናው ነገር ግን አሰራሩ ነው፣ እንደ ባለሙያ ስሚኝ። አንድ ስቲክ ቅቤ፣ 113 ግራም መሆኑ ነው፣ ከነመጥበሻው ኦቨን ውስጥ ታቀልጫለሽ። ከዛ አንድ ኩባያ ዱቄት አንድ ኩባያ ስኳር አንድ ኩባያ ወተት በጥብጠሽ የቀለጠው ቅቤ ላይ ታፈሺዋለሽ፣ እና አታማስይውም። በላዩ ላይ ኮኩን ከነጭማቂው ታደርጊበታለሽ፣ አሁንም አታማስይውም። 350 ፋረንሃይት፣ ባንቺ 180 ገደማ፣ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ። ሊጡ ራሱ ከስር ተነስቶ ኮኩን ወደ ታች እያሰመጠ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዳር ዳሩ በቅቤው ተጠብሶ ኩርሽም ይላል። ሳላየው አላመንኩም ነበር፣ የኦቨኑ መስታወት ፊት ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት፣ ልጄ ምን እያየሽ ነው ብሎ መጥቶ እሱም ቁጭ አለ።

ኮኩን መላጥ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በቢላ ከስሩ በመስቀል በጣ በጣ ታደርጊውና የፈላ ውሃ ውስጥ ለ40 ሰከንድ ያህል፣ ከዛ በረዶ ውሃ ውስጥ ዘፍ። ቆዳው በአውራ ጣትሽ ገፋ ስታደርጊው እንደ ካልሲ ይወልቃል። ከስሩ የሚወጣው ቀለም... ቢጫ ሆኖ ፍሬው የነበረበት ቦታ ላይ ቀይ ይረጫል። ስኳር፣ ሎሚ፣ ቀረፋ፣ ገውዝ ትንሽ ፋቅ። እኔ አንዴ ተደብቄ ኮረሪማ ጨምሬ ነበር፣ ቀመሱና ዝም ብለው አዩኝ፣ ከዛ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ፣ ነገርኳቸው፣ ሁለተኛ ጭልፋ አወጡ ግን ለሪዩኒየኑ እንዳትሞክሪው አሉኝ። እህታቸው አለች መሰለሽ፣ እሷ በሊጥ ክዳን፣ እንደ መረብ እየጠላለፈች ነው የምትሰራው፣ የኛን አይነቱን «የሰነፍ ኮብለር» ነው የምትለው። ቅዳሜ ማንኪያ ይዛ መጀመሪያ የምትቆመው እሷ ናት።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። አንደኛው ቀን የሳቸውን ዱቄት ዋይት ሊሊን ተጠቀምኩ፣ ለስላሳ ስንዴ ነው፣ አንቺ ጉልበት የሌለው ዱቄት የምትይው ዓይነት፣ ለዳቦ አይሆንም ለዚህ ግን እሱ ነው የሚፈለገው። ይሄኛው ለካ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው ኖሯል፣ ቤኪንግ ፓውደሩም ጨውም ቀድሞ የገባበት። እኔ በላዩ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ደገምኩበት። ገንፍሎ ኦቨኑ ወለል ላይ ፈሰሰ፣ ጭሱ፣ አላርሙ ሲጮህ፣ ልጄ ጆሮውን ይዞ ሲሮጥ። ሁለተኛው ቀን እጄ አላርፍ ብሎ አማሰልኩት፣ እንደ ጡብ ሆነ። ሦስተኛው ቀን በሳቸው መጥበሻ ሰራሁት፣ እና እታለም ትሙት...

አየሽ፣ ልምል ነበር። እጄ ላይ ቀረ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ አፌ ላይ በመጣ ቁጥር እንዲሁ እየዋጥኩት ነው፣ በማን ይማላል ከእንግዲህ። ልመለስ።

በሳቸው መጥበሻ ያማረ ወጣ። መጥበሻው የእናታቸው ነው፣ ጥቁር ብረት፣ ክብደቱ እንደ ድንጋይ። ሲያውሱኝ ሳሙና እንዳይነካው ብለው ነበር፣ ልክ እኛ ምጣድን በጎመን ዘር እያሰስን እንደምናቆየው እሱም በቅባት ነው የሚኖረው። እኔ ምን አደረግኩ? ለማንም እንዳትነግሪ። ደክሞኝ ሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌው ተኛሁ። ጠዋት ዝጎ ጠበቀኝ ድንቡሼ። ብርቱካንማ ሆኗል። ደሜ ቀጥ አለ። በጨውና በሽቦ ፍቄ፣ አድርቄ፣ ዘይት ስስ አድርጌ ቀብቼ ገልብጬ ኦቨን ውስጥ በ450 ፋረንሃይት አንድ ሰዓት፣ እንደዛ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ፣ በስንት ስለት ጥቁረቱ ተመለሰ። ስመልስላቸው በጣታቸው ዳሰሱት። ምንም አላሉም። ያወቁ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ችግሬ። መጥበሻው 8 ሰው ነው የሚያበላው። ለ60 ሰው በትልቁ የአሉሚኒየም ትሪ ነው የሚሰራው፣ እሱም ጥልቅ ነው፣ ትናንት ሁሉንም ነገር ሦስት እጥፍ አድርጌ ሞከርኩት። ዳሩ ወርቅ፣ ላዩ ወርቅ፣ አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ቆይቶ መሃሉን በማንኪያ ስከፍተው ገንፎ! ለምን በትንንሹ አትሰሪም እንዳትይኝ፣ ብያቸው ነበር፣ ሰው ሁሉ ከአንድ ትሪ ነው የሚያነሳው አሉኝ፣ እሱን ደግሞ አንቺ ለኔ አታስረጂኝም። ባይሆን ሁለት ትሪ ፈቅደውልኛል፣ ኦቨኔም ከዛ በላይ አይዝም። ጭማቂውን አጥልዬ ለብቻው ቀቅዬ አወፈርኩት፣ ተሻለ ግን አልዳነም። ቤኪንግ ፓውደሩ ነው እንዳልል ያው ዱቄቱ ውስጥ ያለው ነው፣ ደሞ አንቺ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ቁጭ ብለሽ ስለምትቀንሺ ያንቺ ልኬት ለኔ አይሆነኝም፣ እኔ ያለሁባት አትላንታ 300 ሜትር ገደማ ናት።

እና እትዬ ኮክን ድሮስ ኦቨን ሳይኖር እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። አያታቸው እግር ባለው ብረት ድስት ነበር አሉ፣ ፍም ከስር፣ ክዳኑም ላይ ፍም። ከላይም ከታችም እሳት! ሲሉኝ ማንኪያውን አስቀምጬ ተነሳሁ። ድፎ ነው'ኮ። የእታለም ድፎ። ከጓሮ ኮባ ቆርጠን የምናመጣው፣ ክዳኑ ላይ ፍሙን ሲደረድሩ ራቁ እያሉ የሚቆጡን። እንዲህ ያለ ትልቅ ድፎ ምንጊዜም መሃሉ ደርሶ ነበር የሚወጣው፣ አንድ ቀን እንኳን ሊጥ ሆኖ አላየሁም። እኔ የማላስታውሰው አንድ ነገር ነው፦ መጨረሻ ላይ ቀድመው የሚያነሱት የላዩን ፍም ነበር ወይስ የታቹን? የላዩን ይመስለኛል ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ እንደዛ ከሆነ መጀመሪያ በፎይል ልሸፍነውና ኋላ ልክፈተው ወይስ ገልብጬ? አንቺ አጠገባቸው ቆመሽ ነው ያደግሽው፣ እኔ ለመብላት ነበር የምመጣው።

ይሄን ለመጠየቅ ሌላ ሰው የለኝም። ሙያውን ማለቴ አይደለም፣ እሱ ዩትዩብ ሞልቶታል።

አሁን ደሞ እዚህ ጋ ምን እንደምልሽ ጠፋኝ። ዜናውን የሰማሁት ሥራ ቦታ ነበር፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ወጥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ማታ አንቺ ጋ ልደውል ስል ምን እንደታየኝ ታውቂያለሽ? ኮክ። ጓሮው ውስጥ፣ ገና አረንጓዴ እያለ በድንጋይ አውርደነው በጨውና በሚጥሚጣ በልተን ሆዳችንን ይዘን ስንንከባለል እታለም ጤና አዳም ሲያጠጡን፣ እየሰደቡን፣ እየሳቁ። እና ስደውል ይሄን ነው ወይ የማወራው ብዬ ተውኩት። ጅል ነኝ። ይሄን ማውራት ነበረብኝ።

እዚህ'ኮ ከተማው ሙሉ ኮክ ነው ግን ስሙ ብቻ። መንገዱ ፒችትሪ (የኮክ ዛፍ ማለት ነው)፣ ማዞሪያው ፒችትሪ፣ የመጣሁ ሰሞን ፒችትሪ ላይ ጠብቂኝ ብለውኝ ሌላ ፒችትሪ ላይ ብቻዬን ቆሜ የዋልኩትን ነግሬሽ ነበር አይደል። በመኪና ታርጋ ላይ ሳይቀር ኮክ ተስሏል። ዛፉን ያየሁት ግን እትዬ ኮክ ፎርት ቫሊ ይዘውኝ ሲሄዱ ነው፣ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል፣ አውራጃው ራሱ ፒች ካውንቲ ይባላል፣ በ1924 የተቋቋመ። እሳቸው እዛ ነው የተወለዱት፣ በልጅነታቸው ማሸጊያው ቤት ውስጥ የበሰለውን ካልበሰለው ይለዩ ነበር፣ ጠጉሩ አንገታቸውን ሲያሳክካቸው ማታ በዱቄት እየታሹ ይተኙ ነበር። ሳውዝ ካሮላይና ከጆርጂያ የበለጠ ኮክ ታመርታለች ብዬ አንዴ አፌ አምልጦኝ ነበር (እውነት ነው፣ ካሊፎርኒያማ ከሁለቱም ትበልጣለች) ቡናዬን ሳልጨርስ ነው የሸኙኝ። ኮክ ደግሞ ብርድ ካልጠገበ አያፈራም ይላሉ፣ 2023 ላይ ክረምቱ ሞቆ ያለጊዜው አብቦ በመጋቢት ውርጭ መታው፣ የጆርጂያ ኮክ ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። ያን ዓመት በቆርቆሮ ኮክ ሰርተው ስለ ኮብለሩ አንድ ቃል ሳይናገሩ አቀረቡት፣ ማንም አልጠየቀም፣ ሁሉም ገብቶታል። ለዛም ይሆን የሽሮ ሜዳው ኮክ እንደዛ የሚያፈራው፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ።

በይ ሰዓቴ እንዲህ ነው፣ በደንብ ስሚ። ዛሬ ማክሰኞ ማታ ነው። ነገ ረቡዕ፣ ጾም፣ ቅቤና ወተት የነካውን መቅመስ አልችልም። ዓርብ ፍልሰታ ይገባል። ስለዚህ ሐሙስ ብቻ ነው ያለኝ፣ ሐሙስ ሰርቼ ካልቀመስኩ ቅዳሜ የራሴን ኮብለር ሳልቀምስ ለ60 ሰው ላቀርብ ነው፣ እህትየዋ ማንኪያዋን ይዛ እያየችኝ። ለቅዳሜው ከሌሊቱ 12 ሰዓት ላይ ነው ኦቨን የማስገባው፣ ባንቺ ቀን 7 ሰዓት። ኮኩም ሊያልቅ ነው፣ የሰሞኑ የመጨረሻው ነው፣ ሁለት ሳጥን ገዝቼ ሳሎን መሬት ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ደርድሬዋለሁ፣ ቤቱ ሲሸት ብታዪ።

ስለዚህ ቮይስ ላኪልኝ። ስድቡን ከፊት አድርጊው፣ የፈለግሽውን ያህል ይርዘም፣ አልቋረጥም እሰማዋለሁ። ስለ ፍሙ መጨረሻ ላይ ንገሪኝ።

ቀጮ ነኝ (ነበርኩ)

ዛፉ አሁንም አለ? ካለ ፎቶ አንሺልኝ፣ ከነጓሮው።