ስለ እህትህ ልጅ

ይድረስ ለወዳጄ ለታዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ዝምታዬን ቅያሜ አድርገህ እንዳትቆጥርብኝ፤ ስንፍና ነው፣ እሱንም ቢሆን የተማርኩት ከአንተ ነው። ይቅርታው እዚህ ላይ ይብቃኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። እህትህ ቀድማኝ ደውላልህ ከሆነ ግማሹን ሰምተኸዋል።

እዚህ ሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የክርክር ውድድር ተደርጎ እኔን ከዳኞቹ አንዱ አደረጉኝ። ርእሱ «የጦር መሣሪያ ከግለሰብ እጅ ይሰብሰብ ወይስ አይሰብሰብ?» የሚል ነበር። የእህትህ ልጅ «ይሰብሰብ» ብሎ ቆመ። ምን ልበልህ፣ ድምፁ የአንተ፣ እጅ አወራወሩ የአንተ፣ ሲጨንቀው ፈገግ ማለቱ እንኳ የአንተ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን አንደኛ አላልኩትም፤ እህትህም ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች።

ልጁ ያለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፖርት አርተር በሚባል ቦታ፣ አንድ ሰው 35 ሰዎችን ገደለ። መንግሥት ሕጉን አጠበቀ፤ ከ600 ሺህ በላይ መሣሪያ ከባለቤቶቹ ገዝቶ አስወገደ፤ በጥይት የሚሞተው ሰውም ቀነሰ። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ከ1996 በፊትም እየቀነሰ ነበር፤ ከቅናሹ ምን ያህሉ የሕጉ ውጤት እንደሆነ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከሩበታል። ይህንኑ ብጠይቀው ፈገግ አለ።

ተቃዋሚው ደግሞ ስዊዘርላንድን አመጣ፤ መሣሪያው ብዙ፣ ግድያው ጥቂት። እዚያ ከመሣሪያው ከፊሉ ከውትድርና አገልግሎት ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ወታደሮች ቤታቸው ያስቀምጡት የነበረው ጥይት እንዲመለስ እ.ኤ.አ. በ2007 መወሰኑንም ዘሎት አለፈ።

ከዚያ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ ተነሣች፤ እሷም ከ«ይሰብሰብ» ወገን ናት። «አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። ሕግ አላጣንም። ግን አባቴ ጎረቤቱ ሳያስረክብ ቀድሞ ያስረክባል? ባያስረክብስ ሥጋቱ ሐሰት ነው?» አለች። የራሷን ወገን ትልቁን ቀዳዳ ራሷ አሳየችና መልስ ፈለገችለት፦ መጀመሪያ ፖሊስ በአቅራቢያው ይኑር፣ ከዚያ አጎራባች ቀበሌዎች በአንድ ቀን ያስረክቡ። ያጨበጨበላት ጥቂት ሰው ነው።

አንደኛ ያልኩት እሷን ነው። አብሮኝ የዳኘው ሰው «ክርክር እኮ አዳራሹን መያዝ ነው» ብሎ ተቆጣ። ታዬ፣ ያ ሁሉ ያጨበጨበ ሰው ቤቱ ጠመንጃ ያለው አይመስለኝም! ሳይነገረውም ያመነ ሰው ነው።

እንዴት እንደምለው እንጃ... የአባቴ ምንሽር ጠመንጃ ዛሬም ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ነው፤ ለምን እንደማይለቀው አንተ ታውቃለህ። አውስትራሊያን ብነግረው ቡናውን እየጠጣ ይስቅብኛል። የልጅቷን ጥያቄ በስልክ ነገርኩት፤ ዝም አለና «የማን ልጅ ናት?» አለኝ። አስረክባለሁ አላለም። ግን እንዲህ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

ለእህትህ አስረዳልኝ፤ አንተን ትሰማለች። የልጁን ነገር አትስጋ፤ ማታ ማታ ይደውልልኝና ስለ ስዊዘርላንድ ይጠይቀኛል። ይህን ግን ለእናቱ እንዳትነግራት።

ወዳጅህ