ብሩ ሳያልቅ ንገረኝ

ደሴ፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበትክ አባቴ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ግን ዘንድሮ ብሷል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ነው ምጣድ የምጥደው። እህትህም ሰላም ብላሃለች፤ ካልሲ ገዝታ ከዕቃው መሀል ከታልሃለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ "እሺ እማ፣ እሺ እማ" ትለኛለህ፣ ከዚያ ይዘጋል። እኔም የልቤን ሳልናገር እቀራለሁ። ይሄን ግን ሲመችህ ደግመህ ታነበዋለህ ብዬ ነው። ወደምትማርበት ጅማ የሚመለስ የሰፈር ልጅ ስላገኘሁ ከበሶው ጋር አብሬ ልኬዋለሁ።

ጥር 1 ማታ የደወልክልኝን አልረሳሁትም። ጠዋት 2,500 ብር ልኬልህ ነበር። ማታ ስትደውል ድምፅህ ቀዝቅዟል። "እማ፣ ብሩ ገብቷል፤ ግን ተቆርጧል" አልከኝ። ሌባ የነካህ መስሎኝ ክው አልኩ። ኋላ ነው ቀስ እያልክ ያወጣኸው። ኅዳር ላይ ብር ሲያልቅብህ ስልክህ ላይ ከሚሰጡት ብድር ትንሽ ወሰድክ። ለታኅሣሥ የላኩልህ ሲገባ ዕዳው ተነሣበት። ወሩ ሳይጋመስ ጎደለህ። እንደገና ወሰድክ፤ ያውም ከፊተኛው ጨምረህ። ጥር 1 ቀን 1,420 ብር ባንዴ ሄደ። በእጅህ የቀረው 1,080 ብር ነው፤ ለሠላሳ ቀን።

አልተቆጣሁህም። አሁንም አልቆጣህም። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያሳሰበኝ 1,420 ብሩ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ብቻህን ይዘኸው መክረምህ ነው። በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር። "ምን ጎደለህ?" ባልኩህ ቁጥር "ምንም" ነበር መልስህ።

እኔ ስበደር የሰው ፊት እያየሁ ነው ያደግኩት። ከጎረቤት አምስት ብር ለመበደር እንኳ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁለቴ አስብ ነበር። "ባልጠይቅስ?" ብዬ የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ። ስልኩ ላይ ያ የለም። ዋስ አይጠይቅህም፣ ፊትህን አያይህም። ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ታደርገዋለህ፣ ብሩ ይገባል። የሚመልሰውም አንተ አይደለህም፤ ብር ሲገባልህ ራሱ ቀድሞ ያነሣል። ስለዚህ የበላኸው የመጪውን ወር ብር መሆኑ የሚታወቅህ ወሩ ሲመጣ ነው። ደግሞ ስሙን የአገልግሎት ክፍያ ይበሉት እንጂ፣ ከወሰድከው በላይ ከመለስክ እኛ ቤት መጠሪያው ሌላ ነው። እሱን አንተም ታውቀዋለህ።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን አንድ ነገር ልንገርህ። አንተ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሳለህ ነው። የአጎትህ ሠርግ ደረሰ። ያኔ እንጀራውን ለሁለት ምግብ ቤት አስረክብ ነበር። ገበያዬ ደህና ነበር። ከሚገባው ላይ መጀመሪያ የጤፉን ብር ነበር የማነሣው፤ ቀጥሎ የወፍጮውን፣ የመብራቱን፣ የቤት ኪራዩን። የቀረችው የቤት ወጪ ናት። የጤፉ ብር አይነካም። ለሠርጉ ግን ነካሁት። እኔና እህትህ ሰው ፊት ደህና ሆነን እንድንታይ ልብስ ገዛሁበት። "በሁለት ሳምንት እተካዋለሁ" አልኩ።

ሁለት ሳምንቱ ሲደርስ ጤፍ ጨምሮ ጠበቀኝ። በእጄ ያለው ግማሽ ኩንታል አይገዛም። ነጋዴው በዱቤ ሰጠኝ። የዱቤ ጤፍ ደግሞ ዋጋው ይወደዳል፤ እንደ ልብህ መርጠህም አትወስደውም። የደረሰኝ ጤፍ ድብልቅ ነበር። ሊጡ አልነሣ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለኝ። ጠዋት ጠዋት እንጀራውን አውጥቼ ሰፌድ ላይ ሳየው፣ ድፍን ያለ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ። ያንን ጠቅልዬ ምግብ ቤቱ ድረስ ስወስድ እግሬ አይታዘዘኝም ነበር። አንደኛው ምግብ ቤት በሦስተኛው ሳምንት "ይቅርብን" አለኝ። ከዚያ ዕዳ ለመውጣት ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ከሰባቱ ወር አራቱን ለአባትህ አልነገርኩትም። ጤፍ ነጋዴው ሊጠይቅ ቤት ሲመጣ ቀድሜ ወጥቼ በር ላይ አነጋግረው ነበር። በመጨረሻ አባትህ ሰማ። አልጮኸም። ስፌቱን አቁሞ "ለምን በመጀመሪያው ሳምንት አልነገርሽኝም? ያኔ እኮ በአንድ ሙሉ ልብስ ስፌት ይዘጋ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ነበር። በአራተኛው ወር ግን እሱ ቀን ከሌት ሰፍቶም አልሸፈነው።

ለዚህ ነው አባቴ፣ አንተንም ይሄንኑ የምጠይቅህ። ሲጎድልህ በመጀመሪያው ሳምንት ንገረኝ። 200 ብር ሲጎድልህ ብትነግረኝ ከየትም ብዬ እሞላዋለሁ። 1,420 ሲሆን እኔም አቅም አጣለሁ።

አሁን ስለ አያያዙ ልንገርህ። አያትህ፣ አላህ ይማራትና፣ ሐይቅ ገበያ ውላ ስትመለስ መቀነቷ ጫፍ ላይ ሦስት ቋጠሮ ይኖር ነበር። አንዱ የግብር ነው። አንዱ የጨውና የጋዝ። አንዱ የእኛ የደብተር። ብሩን ያገኘችው ከአንድ ቦታ ነው፤ እንቁላልም ይሁን ዶሮ ሸጣ። ግን ቤት ሳትደርስ፣ እዚያው ገበያው ዳር ቁጭ ብላ ለያይታ ትቋጥረዋለች። ቤት ውስጥ ቡና ቢያልቅ የግብሩን ቋጠሮ አትፈታም። ልጅ ሆኜ "ያው ብር አይደል?" ብዬ ጠይቄያታለሁ። "ይሄኛው ሄዷል ልጄ፣ እኔ ጋ ለአደራ ነው ያለው" ነበር መልሷ።

ስልክህ ላይ ያለው ብር አልተቋጠረም። ሁሉም አንድ ቦታ ተደምሮ ስታየው ብዙ ይመስላል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን 2,500 ብር አየህ፣ ሀብታም ሆንክ። ጓደኛ ልደቱ ነው፣ አዋጣህ። ፓኬጅ ጨመርክ። ስለዚህ የላኩልህ ቀን፣ ከክፍል ሳትወጣም ቢሆን፣ ቋጥረው። ባንክ ያለህን ከወለድ ነፃ ሂሳብ ተጠቀምበት። የምልከውን ከአሁን በኋላ እሱ ውስጥ ነው የማስገባው። የሳምንቷን ብቻ ወደ ቴሌብር አዛውራት።

እኔ እንዲህ አስልቼልሃለሁ፤ አንተ እዚያ ስላለህ አስተካክለው። 500 ብር የመንገድ ነው። ለአምስት ወር ከተቀመጠ 2,500 ብር ይሆናል፤ ስትመጣ ለትኬት አትጨነቅም። 300 ለሳሙና፣ ለኦሞ፣ ለፀጉር። 300 ለኮፒና ለሃንድአውት። 200 ለፓኬጅ። የቀረው 1,200 ነው። በሳምንት 300 ማለት ነው። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ አራቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ ሁለት ቀን ትተርፋለች። እሷን በበሶ ተሻገራት፤ ለዚያም ብዬ ዘንድሮ አብዝቼ ነው ያስፈጨሁት።

ጥብቅ መሆኑን አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ዘይቱም ሳሙናውም የት እንደደረሰ በየቀኑ የማየው ነው። በፊት ለወር ይበቃ የነበረው ዛሬ ለሁለት ሳምንት አይሆንም። ያ ያንተ ጥፋት አይደለም። ግን ላውንጅ ላይ ሻይ ከሳንቡሳ ጋር 40 ብር ነው ብለኸኛል። በየቀኑ ከሆነ በ30 ቀን 1,200 ብር ነው። የሳምንት የሳምንቱ ብርህ ሙሉ በሙሉ እሷው ናት። አትብላ አልልህም። ዓርብና ማክሰኞ ብላ፣ ከጓደኞችህ ጋር ተጫወት። የሰለቸህ ቀን ሁሉ አትሂድ ነው የምልህ።

ስለ ግቢው የተማሪ ካፌ ደግሞ ላስታውስህ። ወጡ እንደሰለቸህ ነግረኸኛል፤ እኔም ብሆን ይሰለቸኛል። ግን የመጀመሪያ ዓመት ስትገባ የፈረምከው የወጪ መጋራት ውል ኮፒው እዚህ ሳጥን ውስጥ አለ። ትናንት አውጥቼ አነበብኩት። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የምግቡና የዶርሙ ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በተማሪው ይሸፈናል። ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ ከደሞዝህ ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ እየተቆረጠ የሚከፈል ነው። የተማሪ ምግብ በቀን 22 ብር የነበረው አሁን 100 ብር ሆኗል። ትሪ ይዘህ ባትሰለፍም ያ ምግብ ስምህ ላይ ይጻፋል። ካፌውን ትተህ ውጭ በበላህ ቁጥር የአንድ ሆድ ምሳ ሁለቴ እየከፈልክ ነው። አንዴ ዛሬ፣ አንዴ ከደሞዝህ።

"ነን ካፌ ልሁን፣ ካፌውን ትቼ የምግቡን ብር በእጄ ልቀበል" ያልከኝንም አስቤበታለሁ። ለአሁኑ አይሆንም። ያችን ብር በእጃቸው ይዘው በወሩ አጋማሽ የሚጨርሱ ልጆች እንዳሉ ራስህ ነህ የነገርከኝ። መጀመሪያ እኔ የምልክልህን ብር ሦስት ወር ሳትበደር ያዝ። ከዚያ እንነጋገራለን።

ውርርዱን አንዴ ብቻ ላንሣው። ዶርም ውስጥ የሚያስይዙ ልጆች አሉ አልከኝ። እንዳትነካው። እዚህም ሰፈር ውስጥ ደሞዙን እዚያ አስገብቶ ባዶ እጁን ቤቱ የሚገባ አባወራ አውቃለሁ። ደግሞ "በስህተት ብር ልኬብህ ነው፣ መልስልኝ" የሚል ሰው ከደወለልህ ቀሪ ሂሳብህን ሳታይ ምንም እንዳትልክ። የሚስጥር ቁጥርህን ለማንም እንዳትሰጥ። እኔ ነኝ የሚል ቢመጣ እንኳ።

አሁን ወደ ጓደኛህ ልምጣ፤ ከላይኛው አልጋ ወደሚተኛው ልጅ። ከቤቱ ምንም አይላክለትም ብለኸኛል። ከተበደርከው ላይ 400 ብር ለእሱ እንደሰጠኸውም ዘግይተህ ነገርከኝ። ያንን ስሰማ ሆዴ ባባ። ደግ ልጅ ነው ያሳደግኩት አልኩ። ግን አባቴ፣ ተበድሮ ማበደር ሁለታችሁንም ይጥላል። እሱ መክፈያ የለውም፤ አንተ ደግሞ ለመጠየቅ ታፍራለህ። ዞሮ ዞሮ ጓደኝነታችሁ ነው የሚጎዳው። 400 ብሩን አትጠይቀው። ሰጥቼሃለሁ በለውና ይለቅለት። ከአሁን በኋላ ካለህ ላይ አካፍለው፤ ሳሙና ከሆነ ሳሙና፣ ኮፒ ከሆነ አብራችሁ አንብቡ። የምግቡን ለእኔ ተወው። ከአንድ ወር በኋላ ረመዳን ነው፤ ለዚያም ለሁለታችሁም የሚሆን ዳቦ ቆሎና ቴምር ሌላ ሰው ሲገኝ እልካለሁ።

በእጅህ ያለችውን 1,080 ብር ደግሞ አስቤባታለሁ። እስካሁን 12 ቀን ሄዷል። ስንት እንደቀረህ አላውቅም። ምንም ቢሆን ግን ዳግም ከስልኩ አትውሰድ። የዚህን ወር ዕቁብ የእህትህ ጓደኛ ናት የምትወስደው። ተራ እንድትለውጠኝ ጠይቄያት እሺ ብላለች። በጥር 20 ይደርሰኛል። ከዚያ ላይ 800 ብር እልክልሃለሁ። እስከዚያ ለስምንት ቀን የሚበቃህ ከሌለህ አሁኑኑ ንገረኝ፤ የአባትህ ደንበኛ ያልከፈለው የኮት ስፌት አለ፣ ቀድመን እንጠይቀዋለን።

አባትህ ደብዳቤውን አንብቦታል። "የኔንም ጻፊለት" አለኝ። ልብስህ ሲቀደድ እንዳትጥለው፣ ጠቅልለህ ላክልኝ ብሎሃል። ለፈተናህም ዱዓ እያደረግን ነው።

ፌስታሉ ሁለት ነው። ቋጠሮው ላይ ቀይ ክር ያለው ያንተ ነው። ነጭ ክር ያለው የጓደኛህ ነው፤ ስኳሩን ለብቻ አድርጌለታለሁ። በሶውን እርጥበት እንዳይነካው ወደ ክዳን ያለው ባልዲ ገልብጠው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደውል። "ደህና ነኝ" ከማለትህ በፊት ስንት ብር እንደቀረህ ቁጥሩን ንገረኝ።

እናትህ